ዴልታ ሲባል የቱ ዴልታ? ከወፍጮ ሞተር እስከ ግልገል አባይ አፍ

ቡሬ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ «ስታር ተነሥቶ ዴልታ አልገባም» ሲባል ይሰማል። እዚያው ሰፈር የምትማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ደብተሯ ላይ «ዴልታ ቲ» ብላ ጽፋለች። ጤና ጣቢያው ላይ ክትባት የሚሰጠው ባለሙያ መርፌውን የሚያሳርፈው ዴልቶይድ በሚባል ጡንቻ ላይ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ደግሞ ግልገል አባይ ጣና ውስጥ ዴልታ ሠርቷል ብሎ ያስተምራል። አራቱም ትክክል ናቸው፣ አራቱም ግን የተለያየ ነገር ነው የሚሉት። ችግር የሚመጣው አንዱን ዴልታ በሌላው ሲተረጉሙት ነው። ተማሪው ማርክ ያጣል፣ ባለወፍጮው ደግሞ ሞተር ያቃጥላል።

ዴልታ በግሪክ ፊደል ተራ አራተኛዋ ናት። ትልቋ ሦስት ማዕዘን ናት፤ ትንሿ ደግሞ ከላይ ጭራዋ የታጠፈ ክብ ነገር። ስሟ ከፊንቄው «ዳሌት» የወረደ ሲሆን ዳሌት ማለት በር ነው። የእኛም ድንት በአበገደ ተራ አራተኛ የሆነችው ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነች ነው፤ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት። ከዚህም የሚቀርብ ዝምድና አለ። የግእዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸውና ፬ የምትባለው ምልክት ራሷ ዴልታ ናት። ዲማ ወይም መርጡለ ማርያም ብራና ላይ ፬ን ያነበበ ሰው ዴልታን አንብቧል ማለት ነው።

ዴልታ የሚል ቃል ሲገጥምዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቅርጽ ነው? ልዩነት ነው? ወይስ ተራ ነው? የወንዙ፣ የሞተሩ፣ የጡንቻውና የአውሮፕላን ክንፉ ዴልታ ቅርጽ ነው፤ ሁሉም ሦስት ማዕዘን ስለሚመስሉ። የሒሳቡና የፊዚክሱ ልዩነት ነው፤ ልዩነት በግሪክኛ «ዲያፎራ» ሲሆን በዚችው ፊደል ይጀምራል። የቫይረሱና የሬዲዮው ተራ ወይም መለያ ብቻ ነው፣ ስለ ነገሩ ጠባይ ምንም አይናገርም። ይህን ከለዩ አብዛኛው ሥራ አልቋል። አንድ ማሳሳቻ ግን ይጠንቀቁ፦ ደለልና ዴልታ በድምፅ ይቀራረባሉ፣ በወንዝ አፍም አብረው ይገኛሉ፤ ይሁን እንጂ ደለል የራሳችን ቃል ነው፣ ከፊደሏ ጋር ዝምድና የለውም።

የወፍጮው ዴልታ

ከሁሉም ዴልታዎች ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ውስጥ ሦስት ጥቅሎች አሉ። የሦስቱን መጨረሻ አንድ ላይ ካሰሩት ስታር ይሆናል። የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር እያያያዙ ቀለበት ከዘጉት ደግሞ ሥዕሉ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ዴልታ የተባለው ለዚህ ነው። በእኛ አገር መስመር በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ። በዴልታ እያንዳንዱ ጥቅል ሙሉውን 380 ያገኛል፣ በስታር 220 ብቻ። በዚህ ምክንያት በስታር የሚነሣ ሞተር ከመስመሩ የሚስበው ኮረንት በቀጥታ በዴልታ ቢነሣ ከሚስበው አንድ ሦስተኛ ነው። ጉልበቱም እንዲሁ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በቁጥር እንየው። 15 ኪሎ ዋት ሞተር ሲሠራ ወደ 30 አምፔር ይስባል። በቀጥታ በዴልታ ቢነሣ የዚያን ስድስት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 180 አምፔር ይጎትታል፤ የሰፈሩ መብራት ይደበዝዛል፣ ፊውዝም ይበጠሳል። በስታር ሲነሣ 60 አካባቢ ይሆናል።

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። ከሦስት ማዕዘን ምልክቱ ጎን 380፣ ከስታር ምልክቱ ጎን 660 ከተጻፈ ሞተሩ ለስታር ዴልታ አነሣስ የተሠራ ነው። ከሦስት ማዕዘኑ ጎን 220፣ ከስታሩ ጎን 380 ከተጻፈ ግን ይህ ሞተር በእኛ መስመር ላይ ሁልጊዜ በስታር ብቻ ነው የሚሠራው። ይህንን በዴልታ ያሰረ ሰው ለ220 የተጠቀለለውን ሽቦ 380 አሸክሞታል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ጥቂት ቆይቶ የቫርኒሽ ሽታ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት ጥቅለላ ብቻ ነው። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሰሌዳው የተፋቀ ከሆነ ጥቅለላ ቤት ሳያስመረምር በዴልታ ማሰር የለበትም።

ቀጥሎ የሞተሩን ሳጥን ከመክፈትዎ በፊት ዋናውን ማብሪያ ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ይቆልፉት፣ ሦስቱም ፌዝ ባዶ መሆኑን በቴስተር ያረጋግጡ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ካልሆኑ ከዚህ በታች ያለውን ለማወቅና ባለሙያውን ለመከታተል ይጠቀሙበት እንጂ እጅዎን አያስገቡ።

ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ጫፎች አሉ። ከላይ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብሊው1፤ ከሥር ደግሞ ደብሊው2፣ ዩ2፣ ቪ2 በዚሁ ቅደም ተከተል። ከላይና ከታች ያሉት ፊደሎች ፊት ለፊት አለመግጠማቸው ሆን ተብሎ ነው። የታችኞቹን ሦስት በአንድ አግድም ናስ ካያያዟቸው ስታር ይሆናል። እያንዳንዱን የላይኛ ከሥሩ ካለው ጋር ቀጥ ብሎ በቆመ ናስ ካያያዙት ዴልታ ይሆናል። የስታር ዴልታ ማስነሻ ሲገጠም እነዚህ ናሶች በሙሉ ይወጣሉ፣ ስድስት ሽቦም ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። አንዷ ናስ ተረስታ ከቀረች ማስነሻው ሲሠራ ፌዝ ከፌዝ ሊጋጭ ይችላል።

የጫፎቹ ጽሑፍ ከጠፋ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው ጥንዶቹን ይፈልጉ። የአንድ ጥቅል ሁለት ጫፎች ብቻ ናቸው እርስ በርስ የሚነበቡት። የሦስቱ ጥቅሎች ኦም እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ውስጥ ለውስጥ ተነካክቷል። በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ መሣሪያ) ከጥቅሉ ወደ ሞተሩ አካል ሲለካ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማሳየት አለበት። ክረምቱን ሳይሠራ የከረመ ሞተር ከዚያ በታች ካሳየ እርጥበት ገብቶታልና ሳይደርቅ አይነሣም።

ማስነሻው ሦስት ኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚገባና የሚወጣ ማብሪያ አለው፦ ዋና፣ ስታርና ዴልታ። ስታሩና ዋናው ገብተው ሞተሩ ይነሣል፤ ታይመሩ ጊዜውን ሲጨርስ ስታሩ ይወጣል፣ ለቅጽበት ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ዴልታው ይገባል። ስታርና ዴልታ በምንም ምክንያት አብረው መግባት የለባቸውም፤ አብረው ከገቡ ሦስቱ ፌዞች ቀጥታ ይጋጫሉ። ስለዚህ አንዱ ሲገባ የሌላውን መንገድ የሚዘጋ መጠላለፊያ በሽቦም በሜካኒካልም መኖር አለበት። ዕቃ ለመቆጠብ ይህንን የሚያስቀር ባለሙያ ካጋጠመዎ ሥራውን አያስጨርሱት። ለ15 ኪሎ ዋቱ ሞተር ዋናውና ዴልታው ኮንታክተር ከ17.4 አምፔር በላይ፣ ስታሩ ከ10 አምፔር በላይ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ኦቨርሎዱ (ኮረንት ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ከዋናው ኮንታክተር ሥር ከተገጠመ የሚያየው የጥቅሉን ኮረንት ነውና 30 ላይ ሳይሆን በ0.58 ተባዝቶ 17.4 ላይ ይስተካከላል። 30 ላይ የተተወ ኦቨርሎድ ሞተሩ እስኪቃጠል ዝም ብሎ ያያል።

ታይመሩን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መካከል ያድርጉ፣ ግን ለቁጥሩ ብለው አይደለም፤ ጆሮዎን ይጠቀሙ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ሄዶ ሲረጋ ፍጥነቱን ይዟል፣ ዴልታው መግባት ያለበት ያን ጊዜ ነው። ቀድሞ ከገባ ያ የሸሸነው 180 አምፔር ተመልሶ ይመጣል።

አሁን «ዴልታ አልገባም» ወደሚለው ቅሬታ እንመለስ። ዋነኛው ምክንያት ወፍጮው እህል እንደያዘ መነሣቱ ነው። በስታር ያለው ጉልበት አንድ ሦስተኛ ብቻ ስለሆነ ድንጋዩ ተላቆ፣ ማጉረሻው ባዶ ሆኖ መነሣት አለበት፤ እህል የሚለቀቀው ዴልታ ከገባ በኋላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ድንጋዩ መካከል የቀረውን ጤፍ ወይም በቆሎ ሳያጸዱ ማስነሣት ሞተር ገዳይ ነው። ሁለተኛው የቮልቴጅ መውረድ ነው። ጉልበት ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፤ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 380ው 342 ከሆነ የሞተሩ ጉልበት ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፣ በስታር ደግሞ የዚያ ሲሶ ብቻ ይቀራል። ይህ የታይመር ጥፋት አይደለም፤ ታይመር ማስረዘም ሞተሩን ማሞቅ ብቻ ነው።

በስታር ቆንጆ እየዞረ ዴልታ ሲገባ ፊውዝ የሚበጥስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሥረኞቹ ሦስት ሽቦዎች መቀያየር ነው። ስታር ላይ ሁሉም አንድ ቦታ ስለሚታሰሩ ስሕተቱ አይታይም፣ የሚታየው ዴልታ ላይ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረም እነዚህን ሽቦዎች አይንኩ፤ ወደ ማስነሻው ከሚገቡት ሦስት የመስመር ሽቦዎች ሁለቱን ያቀያይሩ።

ሞተሩ በስታር ቀርቶ ሲፈጭ ከተገኘ፣ ማለትም ዴልታው ኮንታክተር ኮይሉ ተቃጥሎ ከሆነ፣ «እየሠራ ነው» ብለው አይተዉት። በሲሶ ጉልበት ሙሉ ሥራ ሲጫንበት ይንገዳገዳል፣ ኮረንቱም ከተፈቀደለት በላይ ይወጣል።

ከወፍጮ ቤቱ ውጭ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመርም ዴልታ አለው። ሰሌዳው ላይ በ«ዲ» ፊደል የሚጀምር ምልክት ካዩ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት የሚገባበት ወገን በዴልታ የታሰረ ነው ማለት ነው። ዝቅተኛው ወገን ስታር የሆነው ኒውትራል ስለሚያስፈልገን ነው፤ ዴልታ መካከለኛ ነጥብ የለውም፣ ስለዚህ የቤት 220 ከእርሱ አይወጣም።

የወንዙ ዴልታ

ወንዝ እየሮጠ የተሸከመውን አፈር የሚጥለው የቆመ ውኃ ሲገጥመው ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ አሸዋው፣ ቀጥሎ ደለሉ፣ በመጨረሻ ሸክላው ይወርዳል። ይህ ሲከማች ወንዙ የገዛ መንገዱን ይዘጋና ይከፈላል፤ ከላይ ሲታይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ስሙን ግሪኮች ያወጡት የናይልን አፍ አይተው ነው። ጫፉ ካይሮ አጠገብ፣ መሠረቱ ሜዲትራንያን ላይ ነው፤ በዛሬ ካርታ ሰሜን ከላይ ስለሚሆን ፊደሏ ተገልብጣ ትታያለች። ያንን መሬት የሠራው ደለል በብዛት ከእኛ ደጋ የሄደ ነው፤ አባይ ጎጃምን ዞሮ ሲወርድ የነጠቀው አፈር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለሚቀር ያ ዴልታ አዲስ አፈር አያገኝም፤ ባሕሩም ዳርቻውን እየበላው ነው።

ዴልታ ባሕር ዳርቻ ብቻ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና ሲገባ ሐይቅ ላይ የሠራው ዴልታ ነው። ለማየት የስልክ ካርታ ከፍተው ወደ ሳተላይት ምስል ይቀይሩ፣ ከዘጌ ወደ ቁንዝላ የሚወስደውን የጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ይከተሉ፤ መሬቱ ወደ ሐይቁ ጣት እንደዘረጋ ወጥቶ ይታያል፣ ክረምት የተነሣ ምስል ከሆነ በአፉ ዙሪያ ቡናማ ውኃ አለ።

አንድ ዴልታ በጠርሙስ ሊሠራ ይችላል፣ ለማሳ ባለቤትም ይጠቅማል። ወፍራም ድንጋይና ሥር የሌለበት አፈር አንድ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶ ይሙሉ፣ ውኃ ጨምረው አፉ ድረስ ጥቂት ያስቀሩ፣ ክዳኑን ዘግተው ለሦስት ደቂቃ አጥብቀው ያናውጡ፣ ያስቀምጡ። አንድ ደቂቃ ሲሆን የወረደውን ምልክት ያድርጉ፦ አሸዋ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከእሱ በላይ ያለው ደለል ነው። ሸክላው አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋል። የእያንዳንዱን ውፍረት በማስመሪያ ለክተው ለጠቅላላው ቢያካፍሉ የአፈርዎን ድርሻ ያገኛሉ። ውኃው ከሁለት ቀን በኋላም ካልጠራ ሸክላው እጅግ ደቃቅ ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ጨው ቢጨምሩበት ይረጋል። ወንዙም ጨዋማ ባሕር ሲገጥመው የሚሆነው ይኸው ነው።

ልዩነት የሆነው ዴልታ

እዚህ ሦስት ማዕዘኗ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ ከፊቷ የምትቆምለት ፊደል ያስፈልጋታል። «ዴልታ ቲ» ማለት የሙቀት ለውጥ ነው፣ «ዴልታ ኤች» የከፍታ ልዩነት። ዴልታን ከቲ ጋር አያባዟትም፣ አያጣፏትም። ደንቡ አንድ ነው፦ የመጨረሻው ሲቀነስ የመጀመሪያው። ገልብጦ መቀነስ የምልክት ስሕተት ያመጣል፤ የቀዘቀዘ ነገር ዴልታው ኔጋቲቭ መሆን አለበት።

ምሳሌ፦ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ላይ ስለሆነች ውኃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ ለማፍላት ዴልታ ቲ 72 ነው፤ 4.19 ሲባዛ 72 ወደ 302 ኪሎ ጁል ይሆናል። 100ን የጻፈ ተማሪ የባሕር ጠለልን ውኃ ነው ያፈላው። ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት ዴልታው ላይ 273 መደመር ነው። የ72 ሴንቲግሬድ ለውጥ የ72 ኬልቪን ለውጥ ነው፤ 273 የሚደመረው ለሙቀቱ ራሱ እንጂ ለልዩነቱ አይደለም።

በኳድራቲክ እኩልታ ላይ ያለችው ዴልታ ከዚህ የተለየች ናት፤ ለውጥ አይደለችም፣ ቢ ካሬ ሲቀነስ 4 ጊዜ ኤ ጊዜ ሲ የሚለው ቁጥር አጭር ስም ናት። ፖዘቲቭ ከሆነች ሁለት መልስ፣ ዜሮ ከሆነች አንድ፣ ኔጋቲቭ ከሆነች በእውን ቁጥሮች ውስጥ መልስ የለም። ፈተና ላይ የሚጥለው ሲ ኔጋቲቭ ሲሆን ነው። 2 ኤክስ ካሬ ሲደመር 3 ኤክስ ሲቀነስ 5 እኩል ነው ዜሮ በሚለው ዴልታ 9 ሲደመር 40፣ ማለትም 49 ነው፤ መልሶቹም 1 እና ኔጋቲቭ 2.5። ምልክቱን የዘነጋ 9 ሲቀነስ 40 ብሎ «መልስ የለውም» ይጽፋል።

በኬሚስትሪ ከቀስቱ በላይ የተቀመጠች ሦስት ማዕዘን ደግሞ «በሙቀት» ማለት ናት። ደጀን አካባቢ ካለው የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ንጹሑ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይሰጣል፣ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል፤ በእኩልታው ላይ ያቺ ሦስት ማዕዘን የምትነግረን ማቃጠሉን ነው። ለኮምጣጣ አፈር ማሳ ላይ የሚበተነው የእርሻ ኖራ ግን ብዙውን ጊዜ የተፈጨ ድንጋይ እንጂ የተቃጠለ አይደለም። ትንሿ ዴልታ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ምልክት ይዛ አቶም አጠገብ ስትጻፍ ከፊል ቻርጅ ናት።

የትከሻው ዴልታ

ዴልቶይድ ማለት ዴልታ መሰል ነው፤ ትከሻን የሚያለብሰው የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ጡንቻ። ለክትባት ሰጪው ቅርጹ ራሱ ካርታ ነው። መሠረቱ ከላይ የትከሻው አጥንት ጫፍ ነው፣ ሹሉ ከታች በብብት ትክክል። ከአጥንቱ ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ወርደው፣ በክንዱ ውጫዊ መሐል፣ መርፌውን በ90 ዲግሪ ያስገባሉ። ለአዋቂ ባብዛኛው 25 ሚሊ ሜትር መርፌ ይበቃል፤ በዚህ ጡንቻ የሚሰጠው መድኃኒት ባብዛኛው ከ1 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከተባለው ቦታ ከፍ ብሎ ከተወጋ መገጣጠሚያው ይነካና ለወራት የሚቆይ ሕመም ያመጣል፤ ዝቅ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ ነርቭ አለ። እጅጌ ወደ ላይ ሲጠቀለል ትከሻው በግማሽ ስለሚሸፈን ሁለቱም ስሕተቶች በብዛት ከዚያ ይመጣሉ፣ ሸሚዙ ይውለቅ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጡንቻው ገና ስላልዳበረ በጭኑ ነው የሚወጋው።

ተራ የሆነው ዴልታ

በሬዲዮ «ዲ» እና «ቢ» ስለሚመሳሰሉ ዲ ዴልታ ተብላ ትጠራለች። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የአብራሪዎች መለያ «ሆቴል፣ አልፋ፣ ብራቮ፣ ዴልታ» ነው፤ ሦስት ማዕዘን አይፈልጉበት። የኮሮና ቫይረሱ ዴልታ የሚለውን ስም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ያወጣው ዝርያው በተገኘበት አገር ስም እንዳይጠራ ነው፤ አራተኛ ማለት እንጂ ከሦስተኛው የከፋ ማለት አይደለም። በእንቅልፍ ላይ የሚለካው የአንጎል ዴልታ ሞገድ ደግሞ ከሁሉም የዘገየው ነው፣ በሰከንድ ከአራት ያነሰ፤ አልፋ ከ8 እስከ 13፣ ቤታ ከዚያ በላይ። የፊደል ተራው የፍጥነት ተራ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ምልክቷን በኮምፒውተር ለመጻፍ በዎርድ 0394 ብለው ጽፈው ወዲያው አልት እና ኤክስን አብረው ይጫኑ። በስልክ የግሪክኛ ኪቦርድ መጨመር ይቀላል፣ ዴልታ «ዲ» ባለችበት ቦታ ትገኛለች። ከቅርጾች ዝርዝር ውስጥ ሦስት ማዕዘን አምጥተው አይለጥፉ፤ ዓይን ይቀበለዋል፣ ፋይሉ ውስጥ ሲፈለግ ግን አይገኝም፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈትም ከመስመሩ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል።